ጥሬ ዓሣ የሚቆረጥበት ቢላ

ለምግብ ቤታችን የጃፓን ቢላ ልመርጥ ሜክሲኮ አካባቢ ካለ የወጥ ቤት ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከሣጥን ያወጣው ረጅምና ቀጭን ቢላ ዘይት ዘይት ሲሸተኝ፣ ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ።

አባቴ የአንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ምግብ አብሳይ ነበር። ሰውዬው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል "ከቢላዎቼ አንዱን ምረጥ" አለው። አባቴም ጥሬ ዓሣ የሚቆረጥበትን መረጠ።

"እኛ ቤት ጥሬ ዓሣ ማን ይበላል?" አለች እናቴ።

"ሆቴል ሲቀጥረኝ ታያለሽ።"

የቀጠረው የለም። ቀስ በቀስ ምግብም ወሬም ተወ፤ ቢላውን በዘይት ሲወለውል ይውላል። አንድ ጠዋት እሱ ተኝቶ ሳለ እናቴ ቢላውን በፎጣ ጠቅልላ ለጎረቤታችን ለእትዬ አልማዝ ሰጠች።

"እሱ እስኪሻለው እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ፤ ፈርቻለሁ" አለቻቸው። ያኔ ልጅ የነበርኩት እኔ አባቴን ያሳመመው ቢላው ስለመሰለኝ በመሄዱ ደስ አለኝ።

አባቴ ሲነሳ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ፈለገው። ከዚያ እናቴን ቀና ብሎ አያትና "ደግ አደረግሽ" ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ወጥ ቤት ግን ዳግም አልገባም።

"ወሰንሽ?" አለኝ ባለሱቁ።

እየፈራሁ ተቀበልኩት። እኔም ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው።