ከእልፍነሽ ምንጣፍ ሥር

እልፍነሽ ቤት ውስጥ ራቁቱን የቆመ ዕቃ አይተው የሚያውቁ ካሉ ይናገሩ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ሬዲዮው ለብሷል፤ ፍሪጁ ከላይም ከበሩም ለብሷል። የውሃ ጀሪካኑ ሳይቀር ባለ ዘርፍ ጨርቅ አለው። ባሏ ዋቅጅራ፣ የነገሌ ልጆችን ሁሉ ፊደል ያስቆጠረ መምህር፣ «ከወንበሬ ቶሎ ቶሎ የምነሳው እኔንም እንዳታለብሰኝ ፈርቼ ነው» እያለ ይቀልዳል። እልፍነሽ ግን ቀልድ አይመስላትም። ገና በሙሽርነቷ ከደጋ መጥታ ነገሌ ስትገባ የተሰጣት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ አፈር፣ አቧራው የማያልቅ ነበር፤ ያኔ የጀመረችው መሸፋፈን ነው እስካሁን ያልለቀቃት። ሰው ቤቷ ገብቶ ጉድለቷን እንዳያይባት ትሰጋለች። በቃ፣ እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ወለሉን ግን ለብዙ ዓመት ማልበስ አልቻለችም። በመጨረሻ ጎረቤቷ ከሚላ ሱቅ ሄዳ ቡናማ፣ የእንጨት መልክ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ አስለካች። ከሚላ ከአሬሮ የመጣች ነጋዴ ናት፤ አማርኛና ኦሮምኛውን እያደባለቀች፣ ሰውን እያሳቀች ነው የምትሸጠው። ምንጣፉን እየጠቀለለች፣ «እልፌ፣ ከሥሩስ ምን ታደርጊበታለሽ?» አለቻት።

«ካርቶን አለኝ» አለች እልፍነሽ። ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ የግሉኮስ ካርቶን እንደ ልብ ታገኛለች።

«ካርቶን? በዚህ አገር?»

«ምን አለበት? ይለሰልሳል።»

እውነትም ለሰለሰ። እርጥብ ሣር የሚረግጡ እስኪመስላቸው ድረስ የቤቱ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ይመላለሱበት ጀመር። ታዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር እልፍነሽ «ጫማችሁን አታውልቁ፣ ግድ የለም!» ትላለች፤ እንግዳው ግን ጫማውን እንዲያወልቅና ልስላሴውን እንዲያደንቅላት በሆዷ ትመኛለች።

ልጇ ኡርጂ፣ ሚልኪ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ወደደች። ሚልኪ ያቤሎ ይሠራል፤ ወገኖቹ አሬሮ አካባቢ ከብት የሚያረቡ ቦረናዎች ናቸው። ሽማግሌዎች ሲልኩ አያቱን ኦቦ ዳዳቻን ከፊት አድርገው ላኩ። ኦቦ ዳዳቻ ረጅም፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ከበትራቸው የማይለዩ አዛውንት ናቸው። እልፍነሽ የቤቱን ትልቁን ባለ ብረት እግር ወንበር መሃል ላይ አደረገችላቸው። ለስላሳቸውን ይዘው «ናጋ፣ ናጋ» ብለው ሰላም እየተባባሉ ተቀመጡ። የከብቱን ደህንነት፣ የሣሩን፣ የዝናቡን ጠይቀው፣ የመጡበትን ጉዳይ ሊያነሱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ወንበሩ ቋ አለ።

የፈሩት ይደርሳል፤ የጠሉት ይወርሳል። የወንበሩ የኋላ እግር ምንጣፉን በስቶ ወደ ታች ሰመጠ፤ ኦቦ ዳዳቻም በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ ለስላሳው ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ዳንቴል አጠበው። እልፍነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬት ግን የወንበሩን እግር ገና አላምጣ አልጨረሰችም። ማንም አልሳቀም። ዋቅጅራ ከንፈሩን ነከሰ፤ ኡርጂ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ የመጡት ሽማግሌዎች ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። እልፍነሽ ራሷ፣ ጉድ ነው፣ ከእፍረቷ ሥር አንድ የማይረባ ሳቅ ሲተናነቃት በነጠላዋ አፏን አፍና ዋጠችው።

ሽማግሌው ግን ተነሥተው፣ በበትራቸው ጫፍ የተቀደደውን ምንጣፍ ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ካርቶኑ ዱቄት ሆኗል። ነጫጭ ምስጦች ይርመሰመሳሉ።

«ምስጥ ከእኛ ቀድሞ ሽማግሌ ልኳል» አሉ። ከዚያ ስለ ጋብቻው ብዙም ሳይነጋገሩ፣ «እንመለሳለን» ብለው ወጡ።

አንድ ሽማግሌ ለልጅ ጥየቃ ሄዶ ከሙሽራይቱ ቤት በጀርባው ወድቆ ሲወጣ ገዱ ምን ይባላል? እልፍነሽ ይህን እያሰበች እህል አልወርድ አላት። ቀናት አለፉ፤ ከአሬሮ አንድም ቃል አልመጣም። ኡርጂ «እማዬ፣ ሚልኪ ደህና ነው ብሎኛል» ብትላትም፣ «እሱማ ደህና ነው፤ የወደቁት አያቱ ናቸው። የልጄን ዕድል በካርቶን ሸጥኩት!» እያለች አለቀሰች።

ምንጣፉ ተነሣና ምክር ተጀመረ። ዋቅጅራ ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት ይነጠፍ አለ። ኡርጂ ስልኳን ከፍታ በውጭ አገር ከምንጣፍ ሥር የሚነጠፍ ስስ ስፖንጅ አሳየቻቸው፤ ያማረ ነው፤ የሚነጠፈው ግን እንደ መስተዋት በተስተካከለ ወለል ላይ ነው። ሲሚንቶ እናስለስን ተብሎ ተጠየቀ፤ ያን ሰሞን ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ስሙን የሚጠራ እንኳ አልነበረም። ከሚላ ወለሉን በተረከዟ እየደቃች ዞረችና ተስፋዋን ቆረጠችባት።

«መሬቱ ራሱ ጎድጓዳ ነው፣ እልፌ። ፍራሽ ብታነጥፊበትም ወንበር ይሰምጣል።»

በዚህ ላይ ሳሉ ነው ከብት ሊጭን ወደ ነገሌ ገበያ የመጣ አንድ አይሱዙ በራቸው ላይ የቆመው። ረዳቱ «ኦቦ ዳዳቻ ልከው ነው» ብሎ የታጨቁ ከረጢቶችን እየጎተተ አወረደና ሄደ። እልፍነሽ ስኳር ነው፣ በቆሎ ነው እያለች የአንዱን አፍ ፈታች። ቀይ አፈር ነው። ሌላውን ፈታች። አፈር።

እዚያው ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«አፈር ላኩብኝ! አፈር ብዪ ነው የሚሉኝ! ዋቅጅራ፣ ቆርጦልናል!»

ዋቅጅራ መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው። ከሚላ ግን ጎንበስ ብላ አንድ ጓል አነሣች፤ በጣቶቿ ፈረከሰችው፣ በምራቋ አርሳ አሸችው፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ወላሂ፣ እልፌ፣ ይሄ የኩይሳ አፈር እኮ ነው! ምስጡ ጥሎት የሄደ የድሮ ኩይሳ። ምስጥ በምራቁ ያቦካው አፈር ሲረጥብና ሲጠቀጠቅ እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው። እናቴ ቤት ወለሉ ሁሉ ይሄ ነበር። አንቺ ሴት፣ ሰው ወደማይመለስበት ቤት አፈር ይጭናል?»

እልፍነሽ ዕንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች። ደስታዋ አሳፈራት፤ ቢያሳፍራትም ደስ አላት።

ዋቅጅራ አሮጌውን ወለል ቆፍሮ አወጣ፤ አዲሱ አፈር በውሃ ተለውሶ ተደለደለ። የቀረው መጠቅጠቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ከሚላ የገበያ ሴቶቹን፣ እልፍነሽ የቸርቿን ኳየር ጠራች። በማግሥቱ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። መጀመሪያ ጠብ ተነሣ፤ የገበያዎቹ የሠርግ ዘፈን ይዘው ሲመጡ ኳየሮቹ «እኛ አንዘፍንም» አሉ።

«መዝሙራችሁስ አይዘለልበትም?» አለች ከሚላ።

«እሱማ ይዘለልበታል።»

«ታዲያ ዝለሉ! አፈሩ ሃይማኖት የለው!»

ዘለሉ። አንድ መዝሙር፣ አንድ ዘፈን፣ በተራ፤ ኋላ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋ። የካርድ ክፍሏ እልፍነሽ፣ በአደባባይ ትከሻዋን ነቅንቃ የማታውቀው፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየገባ ዘለለች። ወለሉ በየዕለቱ እየጠጠረ ሄደ፤ በመጨረሻ ዋቅጅራ በለስላሳ ድንጋይ አሸቶ አስተካከለው።

ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ ተነገረ። ምንጣፉ ታጥቦ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል፤ መሃሉ ላይ ግን የወንበሩ እግር የበሳው ቀዳዳ አለ። ከሚላ «አዲስ ልቁረጥልሽ» አለቻት። እልፍነሽ ወለሉን ቆማ ስታይ ቆየች።

«ተዪው» አለች። «እንዳለ ይዩት። እሳቸው የሰጡኝን ከእሳቸው ልሸፍን?» ይህን ያለችው እልፍነሽ ናት፤ እኔም ስሰማ አላመንኩም።

ኦቦ ዳዳቻ ገቡ። «አካም፣ ሃዳ ኡርጂ? ናጋ?» አሉ፤ የኡርጂ እናት ማለታቸው ነው። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት፣ በበትራቸው መቱት። ጠንካራ ድምፅ መለሰላቸው።

«ይሄ ጥሩ ነው። ፕላስቲኩስ የት ሄደ?»

«ቀዳዳ አለው፣ አባባ» አለች አንገቷን ደፍታ። «አፍሬ ነው።»

«አምጪው።»

ሽማግሌዎቹና ዋቅጅራ ዳር ዳሩን ይዘው ዘረጉት። ኦቦ ዳዳቻ ቀዳዳውን ፈልገው አገኙ፤ ያንኑ ወንበር ራሳቸው አንሥተው የኋላ እግሩን ልክ ቀዳዳው ላይ አስቀመጡና ተደላድለው ተቀመጡ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«ሃዳ ኡርጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን እኔ ስወድቅ ሳቅሽ አልመጣም?»

እልፍነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«እኔ አሬሮ እስክደርስ መኪና ውስጥ ስስቅ ሄድኩ። እዚህ ግን አንድ ሰው አልሳቀም። ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሳቁን የሚደብቀኝ ሰው እንዴት ዘመዴ ይሆናል?»

እልፍነሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ያ የተዋጠው ሳቅ ነበር። ነጠላዋ ወደቀ፣ ግድግዳ ይዛ ሳቀች፣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዋቅጅራ ተከተላት፤ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፤ ኡርጂ ከጓዳ ብቅ ብላ እናቷን እንዲህ ሆና ስታይ እሷም ሳቀች። ኦቦ ዳዳቻ በትራቸውን ከፍ አድርገው፣ «አሁን ልጃችሁን ስጡን» አሉ። ተሰጠቻቸው።

ኡርጂና ሚልኪ ዛሬ ያቤሎ ናቸው። ኦቦ ዳዳቻ ለገበያ ነገሌ ሲመጡ ወንበሩ የት እንደሚቀመጥ ማንም አይጠይቅም። እልፍነሽም አዲስ ዳንቴል መሥራቷን አልተወችም፤ ባለፈው የመብራት ቆጣሪውን አልብሳዋለች። ያን ቀዳዳ ግን እስከ ዛሬ አልሸፈነችውም።