እንጨት የጎረሰ ውጅግራ

ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ክላሹን ሲወለውል፣ የዘይትና የብረት ሽታ ይመጣና እኔን ወስዶ ከአባቴ ውጅግራ ሥር ያስቀምጠኛል።

አባቴ ያን አሮጌ ጠመንጃ በክረምት ምሰሶው ላይ ሰቅሎ ይተወው ነበር፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን ሌባም መሄጃ የለውማ። ውኃው ሸሽቶ ሣሩ ብቅ ሲል ግን፣ ከብቶቻችንን እየነዳን ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ፣ ዝናሩን ታጥቆ፣ ውጅግራውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። በጋቢው ለምን እንደማይሸፍነው ስጠይቀው፣ «የሚያየው እንዲያየው ነው» ይለኝ ነበር። የዚያ ጠመንጃ ጥይት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዝናሩ ላይ የተሰካው ባዶ ቀለህ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለውም አባቴ ከወይራ ጠርቦ፣ በጭስ አጥቁሮ የሻጠው እንጨት ነበር። ይህን የምናውቅ እኛ ቤተሰቦቹ ብቻ ነን፤ ሌባ ቢሰማ ኖሮ ሰባቱም ከብቶች በአንድ ቀን ይሄዱ ነበር። አባቴ ግን እኩለ ቀን ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር።

ጥር ሲገባ እኅቴ ተዳረች። አጃቢዎቹ እየተኮሱ ደጃችን ደረሱ፤ የሴት ወገንም ተኩሶ መመለስ ነበረበት። ከሙሽራው ጋራ የመጡ አንድ ሽማግሌ አባቴን አየት አድርገው፣ «ምነው፣ የእናንተ ጠመንጃ እንደ ሙሽራይቱ አፈረ ወይ?» አሉ። ሰው ሳቀ። አባቴ ሲሳቅበት ከነከነኝና፣ «የእንጨት ጥይት ይጮኻል እንዴ?» አልሁ።

የዳሱ ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዝናር ዞረ። ቀድሞ የተናገረው ጎረቤታችን አያ ሙላት ነው። «ልጁ እውነቱን ነው። ይህ ጠመንጃ ለሠርግ እንጨት፣ ለሌባ እርሳስ ነው የሚጎርሰው» ብሎ፣ የራሱን ምንሽር አንሥቶ ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ ለቀቀው። እልልታው ቀለጠ።

አባቴ አልመታኝም። እንግዶቹ ሲሄዱ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ከብቶቹን በአፍህ ሸኘሃቸው» አለኝ።

በማግስቱም ያንኑ ዝናር ታጥቆ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ አያ ሙላት ከብቶቹን እየነዳ አጠገባችን መጣ።

«እዚህ ሣሩ ይሻላል ብዬ ነው» አለ።

«ይሻላል። አረፍ በል» አለው አባቴ።

ሣሩ ያው ነበር። አያ ሙላት ግን ምንሽሩን አጉርሶ በጋውን ሙሉ ከኛ አልራቀም፤ የሠርጉንም ነገር አንድ ቀን አላነሣው። አባቴም እንደ ልማዱ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይተኛ ነበር። ከብቶቻችን ሰባት እንደ ሆኑ ክረምት ገባ።

አሁን ያ ሜዳ አብዛኛው ሩዝ ሆኗል። ልጄም ማሳውን ሊጠብቅ ሲወርድ ክላሹን ለሰው እንዲታይ አድርጎ ይይዘዋል፤ የሱ ጥይት እውነተኛ ነው፣ የጎረቤቶቹም እንደዚያው። ምሳ ይዤለት ስሄድ ሁሉም በየማሳው ለብቻ ለብቻው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ልጄ እህል ሲቀምስ እንኳ ጀርባውን ለመንገዱ አይሰጥም።