በቀትር ያልተኛው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳ ላይ «ግመል» ብላ ጻፈች። ከስንት ሺህ ፎቶ መሀል ግመል ያለበት ሁሉ ተሰልፎ መጣ። እሷ ምንም አልመሰላትም፤ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ባባ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ምን እንደሆንኩ ለማስረዳት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ያኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ስር ያለች አንዲት ጠባብ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ድሬ በቀትር ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ቢሮው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ተኩል ይዘጋል። አሠሪዬ ሐጂ ዩሱፍ ሽርጣቸውን አሸርጠው ቬንትሌተሩ ስር ይጋደማሉ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ትእዛዝ አለቻቸው፦ «አንተ ልጅ፣ ማሽኑን አጥፋ! እሱም ይረፍ።» ያለንን አንድ ኮምፒውተር አጠፋና ባለቤታቸው በጠለፉት ጨርቅ እንደ ሙሽራ እሸፍነዋለሁ።

ችግሩ፣ ከዚህ ሙሽራ ላይ የቆየ ደብዳቤ ማግኘት ነበር። ፈልግ ሲሉት ስክሪኑ ላይ አንድ የሥዕል ቢጫ ውሻ ብቅ ብሎ ጭራውን ይቆላል፤ ይቆላል፤ እኔ ጢም አብቅዬ፣ ተላጭቼ፣ መልሼ አበቅላለሁ። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ፋይሎቹን «ደብዳቤ»፣ «አዲስ ደብዳቤ»፣ «በጣም አዲስ ደብዳቤ» እያልኩ ነበር የማስቀምጣቸው።

አንድ የግንቦት አርብ ጠዋት ታዬ የሚባል ደንበኛችን ላቡን እያንጠባጠበ ገባ። መልካ ጀብዱ ላይ ከወንድሞቹ ጋር ያመረተውን ቲማቲም ወደ ጅቡቲ ጭኖ ከተማው መውጫ ኬላ ላይ ተይዟል። ለመኪናው የጻፍንለትን ደብዳቤ ቅጂ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካላቀረበ እስከ ሰኞ አያልፍም።

«ሰኞማ ድልህ ሆኖ ነው የምሸጠው!» አለና ራሱን ይዞ ተቀመጠ። የክረምት ከበጋ ልፋታቸው ነበር መኪናው ላይ ያለው።

ውሻው ጠዋቱን ሙሉ ፈልጎ አጣ። ቢጨንቀን ታይዋን ገበያ ኮምፒውተር የምትጠግነውን ሰሚራን አስጠራን። መጥታ ትንሽ ነካካችው።

«አቦ፣ ይሄ እኮ በጠየቃችሁት ቁጥር ደብዳቤውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፍቶ ነው የሚያነበው። አንዴ አንብቦ የቱ ቃል የት እንዳለ ማውጫ ቢይዝ ይገላገላል። ጀምሮት ነበር፤ አላስጨረሳችሁትም።»

«ማን ከለከለው?» አሉ ሐጂ።

«ማውጫውን የሚሠራው ማንም ሳይነካው፣ ሥራ ሲፈታ ነው። መቼ ነው ሥራ የሚፈታው?»

«ቀትር ላይ» አልኳት።

«ቀትር ላይ ምን ታደርጉታላችሁ?»

ከሐጂ ጋር ተያየን። ጥልፉ ጨርቅ ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።

ሰሚራ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዛሬ እንዳናጠፋው ነገረችን። ሐጂ ጮኹ፦ «በዚህ ሙቀት ይቃጠላል፣ ወላሂ!»

«ቬንትሌተሩን ወደሱ አዙሩለት።»

ያለን ቬንትሌተር አንድ ነው። ሐጂ ቬንትሌተሩን አዩ፣ ታዬን አዩ፤ እንደገና ቬንትሌተሩን አዩ። «እሺ» አሉ፣ ልጁን ለጉዲፈቻ እንደሚሰጥ ሰው። ከጁምዓ ሲመለሱ በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፈው ተጋደሙ። ሲገላበጡ ላባቸው የሚንጠባጠበው እስከ ባቡር ጣቢያው ሳይሰማ አይቀርም። እኔም ተኛሁ፤ ታዬ ብቻ ማሽኑ ፊት እንደ ዘበኛ ተቀምጦ ቀረ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰሚራ ተመልሳ መጣችና «በል የታርጋውን ቁጥር ጻፍ» አለችኝ። ጻፍኩ። ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ ደብዳቤው ፊቴ ቆመ።

ሐጂ ቀስ ብለው «ሱብሃነላህ» አሉ። ታዬ ስክሪኑን በጣቱ ጫፍ ነካው፣ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ። ከዚያ ወረቀቱን ከፕሪንተሩ መንጭቆ ሮጠ፤ በሩን እንኳ አልዘጋም። አስራ አንድ ሳይሞላ ቲማቲሙ ኬላውን አልፎ ነበር።

እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። የሁለት ዓመት ድካሜን፣ ስሕተቴን፣ ስንፍናዬን ሁሉ ማሽኑ እኛ ስናንኮራፋ አንዲት ቃል ሳይዘል አንብቦታል። እስከዚያ ቀን ድሬ ላይ ቀትር የማይተኛው ፀሐይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬም ምሳ በልቼ ጋደም ስል፣ ባጃጆቹ ጸጥ ሲሉ፣ በየተዘጋው ሱቅና ቢሮ ውስጥ ስንቱ ማሽን የጻፍነውን እያነበበ ይሆን እላለሁ። የልጄ ስልክም ግመሎቹን ያገኘው ማንም ሳይነካው ፎቶዎቿን አንድ በአንድ አይቶ ነው። ፍጥነቱን ለመድኩት፤ ያን ትዕግሥቱን ግን እስካሁን አልለመድኩትም። ይህን ሳስብ እንቅልፌ ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ እተኛለሁ፤ እኔ የድሬ ልጅ እንጂ ማሽን አይደለሁም።