ስከሳ የመጡት ጎረቤቴ

ቫይረሱ በደሜ እንዳለ የቆቦ ሰፈሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። መድኃኒቱን ጀምሬ ስወፍር ከእኔ ይልቅ ደስ ያለው ሰፈሩ ነው። እኔም ብሶብኝ ቅቤ ያልገባበት አልቀምስ አልኩ። በኋላ ነርሷ ግፊቴን ለክታ፣ «ይኼ ውፍረት ለልብሽ አስጊ ነው፤ ቅቤውን ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ» አለችኝ። በየማለዳው ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ስመላለስ በጥቂት ወር ቀሚሴ ሰፋኝ።

ሰው ግን ሲያየኝ ከንፈሩን ይመጥ ጀመር። የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን ዳኛማ መንገድ ላይ አስቁሞኝ አዲሱ ድንኳን ተሰፍቶ ማለቁን ነገረኝ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ እያለከለኩ ገቡ። ሰፈሩ «ጤና ማለት እሳቸው ናቸው» የሚልላቸው ወፍራም ሴት ናቸው። በሩን ዘጉና እንባቸው ወረደ።

«መድኃኒቱን ለምን ተውሽው?»

«ኧረ አልተውኩም! ለልቤ ብዬ ነው የከሳሁት።»

«አትዋሺኝ። ወላሂ ቆሜ አልቀብርሽም!» አሉና ከጉያቸው የክኒን ብልቃጥ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ከፈትኩት። በየቀኑ የምውጠው ያው ክኒን ነው።

«የማን ነው፣ እትዬ?»

«የኔ። መውሰድ ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። አልቆብሽ ከሆነ እንካፈል።»