ያው ደብተር

ላፕቶፕ ሲግል ሽታ አለው፤ ፀሐይ የመታው አቧራ ዓይነት። ባለፈው ልጄ በሱ ላይ አቀርቅራ «ወይኔ» ስትል ኤሌክትሪክ የያዛት መስሎኝ ማማሰያዬን ይዤ ሮጥኩ፤ በእንጨት ነው የሚላቀቀው ሲሉ ሰምቼ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

«እማ፣ ዲክሽነሪዬ ተበላሸ።»

መጽሐፍ አይደለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ በግራ ስሙን፣ በቀኝ ፍቺውን የምታሰፍርበት ነው። ፋንክሽን ለምትለው፣ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ለሚታዘዛት ሠራተኛ ሰጠችው፤ እሱ ለራሱ ሥራ አንዱን ፍቺ ቢቀይር የሷም ተቀይሮ ጠበቃት። «ኮፒውን የሰጠሁት መስሎኝ፤ ለካ ራሱን ነው።»

ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። እኔም እንዲህ ያለ ዲክሽነሪ ነበረኝ እኮ።

ያኔ ደራ በገባሁ በወሩ ነው። የያኔው እጮኛዬ እናቱ ሊያዩኝ እንደሚመጡ ነገረኝ። እሳቸው አማርኛ አይሰሙም፣ እኔ ኦሮምኛ። ካልወደዱኝ አለቀልኝ። ከአራተኛ ክፍል በተረፈችኝ ጽሕፈት ደብተር አሰመርኩ፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ ኦሮምኛው። ውሃ፣ ቢሻን። ወተት፣ አናን። እናቴ፣ ሃዳ ኮ። ከኩራዙ ጎን ስለማስቀምጠው ጋዝ ጋዝ ይል ነበር።

ቃሉን የነገረችኝ የጎረቤት ጓደኛዬ ለአንድ ቀን ተዋሰችኝና መለሰች። እኔም በቀጠሮው ጠዋት ከዚያው ሸመደድኩ።

ሴትዮዋ ገብስ የሞላ ስልቻ አዝለው በሩ ላይ ሲቆሙ ብድግ አልኩ። ዝቅ ብዬ «አከም ቡልተን፣ ሃሬ ኮ» አልኩ።

እንዴት አደሩ፣ አህያዬ፣ ማለት ነው።

እጮኛዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። የሴትዮዋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ እኔም አለቀስኩ። ለካ እየሳቁ ነው። ለልጃቸው አንድ ነገር አሉት።

«አህያ ካለችኝማ ታራግፈኝ፣ ነው የሚሉሽ» አለኝ።

ጓደኛዬን ስይዛት «ታናሽ እህቴን ላስቅ ነበር ‹ሃዳ›ን ‹ሃሬ› ብዬ የቀየርኩት። አንቺ ሌላ ያለሽ መስሎኝ» አለች። ሌላ ከየት ይምጣ። ያው አንድ ደብተር ነው።

«ኮፒ አድርጌ ብሰጠው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለች ልጄ። እውነቷን ነው፤ ለኮምፒውተሩ።

አማቴ ግን እኛ አዳማ ከገባን ወዲህ ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ከባጃጁ ሳይወርዱ «አህያሽ መጣች፣ አራግፊኝ» ይሉኝ ነበር። አማርኛቸው ያቺ ብቻ ነበረች። ካረፉ ሁለት ክረምት አለፈ። ዛሬም ባጃጅ በራችን ላይ ሲቆም፣ ሳላስበው ጭነት ልቀበል እጄን ዘርግቼ እወጣለሁ።