ከሁለቱ ኃያላን ጋር ወደ ኔቫዳው ጉድጓድ

በዚያ ዓርብ ጠዋት ከላስ ቬጋስ በተነሣው አውቶቡስ ውስጥ የነበርነው ኢትዮጵያውያን እነዚህ ነን፦ ታክሲ ነጂው አቶ ለማ፣ በአንድ ካዚኖ በር ላይ የእንግዶችን መኪና ፓርክ የሚያደርገው ታፈሰ፣ በሌላ ካዚኖ ወጥ ቤት የሚሠራው በዛብህ፣ የበዛብህ ልጅ ትዕግሥትና እኔ። ሌሎቹ መንገደኞች በአብዛኛው ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ባልና ሚስቶች ነበሩ።

የሄድሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ልግለጽ። ታፈሰና በዛብህ በደብረ ዘይት ጂኦግራፊ ያስተማርኋቸው ልጆች ናቸው። ኋላ ሁለቱም አየር ኃይል ገብተው በአንድ የራዳር ጣቢያ ሠሩ፤ ተረኛ ሲሆኑም አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። ታፈሰ ሙያውን አሜሪካ ሄዶ ተምሮ ተመለሰ። በዛብህ ሴት ልጅ ሲወልድ፣ ወጉ ለሴት የክርስትና እናት ቢሆንም፣ ቄሱን ለምኖ ክርስትና ያነሣት እርሱ ነው። ከዚያ አገራችን ከአሜሪካ ወገን ወደ ሶቪየት ወገን ዞረች፤ ጎረቤታችን ሶማሊያ ደግሞ ከሶቪየት ወደ አሜሪካ። በጣቢያው ስብሰባ ላይ በዛብህን አስነሥተው፣ ታፈሰ የአሜሪካን ሬዲዮ ያዳምጥ እንደሆነ ጠየቁት። «አዎ» አለ። ታፈሰ አራት ዓመት ታሰረ፤ በዛብህ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላከ።

ዓመታት አልፈው ሁለቱም በየፊናቸው ተሰደዱና በዚያች የበረሃ ከተማ ተገናኙ። ሰላምታ አልነበራቸውም። ትዕግሥት እሑድ ልትዳር ቀኑ ሲቃረብ ሎስ አንጀለስ ድረስ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የክርስትና አባቴ ካልመረቀኝ ቀለበት አላደርግም» አለችኝ። እኔ ስለዚያ ዘመን መናገር ከተውሁ ቆይቻለሁ። ቢሆንም ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ሐሙስ፣ በመንገድ ላይ

አውቶቡሱ ከሎስ አንጀለስ የተነሣው በማለዳ ነው። የደርሶ መልስ ቲኬቱን በሠላሳ ስምንት ዶላር ገዛሁ። ባርስቶው ላይ ለምሳ ቆምን፤ ሳንድዊቹ ደረቅ፣ ቡናው ቀጭን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው አገር ለጂኦግራፊ መምህር የተዘረጋ መጽሐፍ ነው፤ ዛፍ የሌለባቸው ተራሮች፣ በመካከላቸው የደረቁ የጨው ሐይቆች፣ አመድማ ቁጥቋጦ። ቤከር በምትባል ትንሽ መንደር ከሩቅ የሚታይ እንደ ማማ የረዘመ ቴርሞሜትር ቆሟል። በፋራናይት መቶ ሁለት ይላል። የኔቫዳን ወሰን እንደተሻገርን ሌላ ቤት በሌለበት ሜዳ ላይ ካዚኖዎች ተቀበሉን።

አቶ ለማ ከመናኸሪያ ወስዶ ምሳና እራት የተደባለቀበት ቡፌ ጋበዘኝ፤ ለአንድ ሰው አራት ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም፣ የፈለጉትን ያህል።

«መምህር፣ የተማሪዎችዎን ስም ሰምተዋል?» አለኝ። «እዚህ ከተማ ሁለቱ ኃያላን ነው የሚባሉት። ታፈሰ ሚስተር፣ በዛብህ ጓድ። ቤተ ክርስቲያን ሚስተር በቀኝ ይቆማል፣ ጓድ በግራ። በመካከል ያለውን ምንጣፍ ልጆቹ በርሊን ይሉታል።»

«በርሊን እኮ ፈረሰ» አልሁት።

«የዓለሙ ቀዝቃዛ ጦርነት አለቀ። የእኛው ኦቨርታይም ገባ እንጂ።»

ከዚህ ቀደም ሽማግሌ መላኩንም ነገረኝ። አንዱ ሲገኝ ሌላው ሺፍት አለብኝ ይላል፤ ቢገናኙም አንዱ ተነሥቶ ይወጣል። መድኃኒቱን ያገኘችው ልጅቷ ናት። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የኑክሌር ቦምቦቿን ስትሞክርበት የኖረችው በረሃ አለ፤ ሙከራው ከቆመ ወዲህ ሕዝብ በነጻ በአውቶቡስ ይጎበኘዋል። ሁለቱ የራዳር ሰዎች ቦታውን ለማየት ምን ጊዜም ይመኙ ነበር።

ትዕግሥት ከሥራ ስትወጣ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። «ሁላችሁንም ሬጂስተር አድርጌያለሁ፣ ጋሼ። ለአባዬ አባባ ታፈሰ አይመጣም አልኩት። ለአባባ ታፈሰ ደግሞ አባዬ ሺፍት አለው አልኩት። አውቶቡሱ አንዴ ከሄደ እስከ ማታ ጥሎ መመለስ የለም። ሴኩሪቲ ነው።»

«ውሸት ነው እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ንስሐ እገባለሁ።»

ዓርብ፣ በረሃው

ታፈሰ ቀድሞ ገብቶ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠ። በዛብህ በመጨረሻው ደቂቃ ደረሰ፤ ታፈሰን ሲያይ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ቀረ። ከኋላው ትዕግሥት ስለነበረች መመለስ አልቻለም፤ አልፎ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደ።

ታፈሰ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየ «አንቺ፣ ይህን ተንኮል ከማን ተማርሽው?» አላት።

«ከሁለታችሁ» አለችው።

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን በር ላይ መታወቂያችንን አሳየንና ደረታችን ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ተሰጠን። ካሜራ ክልክል ነው። አስጎብኚው ዕድሜውን በዚያ ሥፍራ ሲሠራ ያሳለፈ ሽማግሌ ነው፤ በማይክሮፎን ሲናገር ስለ እርሻ የሚያወራ ይመስላል። በቦምቡ ሊፈርሱ የተሠሩ ቤቶች አየን። በአንዳንዶቹ ውስጥ አዲስ ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች እራት እንደሚበሉ ሆነው ተቀምጠው ነበር አለን። እንደ ሰም የተጣመመ የብረት ድልድይ አየን። በሜዳው መካከልም ብቻውን የቀረ የባንክ ካዝና አለ።

«ሰዉ አልቆ ገንዘቡ ይትረፍ እንደሆነ ነው የፈተሹት» አለ አቶ ለማ።

እኔ በፊተኛውና በኋለኛው ወንበር መካከል እመላለስ ነበር። ታፈሰ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ አከብርዎታለሁ። ካሣ አልፈልግም። ያዳመጥነው በማን ሬዲዮ ነበር? ይህን ብቻ በሰው ፊት ይናገር።»

ወደ ኋላ ሄጄ ነገርሁት። በዛብህ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ያዟዙር ነበር። «ያን ዕለት ብናገር ሁለታችንም እንገባ ነበር። ትዕግሥትን ማን ያሳድጋት ነበር?»

«የተጠየቅኸው ስለዚያ ዕለት አይደለም፤ ዛሬ ተናገር ነው የተባልኸው» አልሁት። በመስኮት ውጭ ውጭውን ያይ ጀመር።

አስጎብኚው ወደ ትልቁ ጉድጓድ እየተቃረብን መሆኑን ነገረን። ቦምቡ ከመሬት በታች ፈንድቶ የቆፈረው ነው፤ ሩስያውያኑም ተመሳሳይ አላቸው አለ። በዛብህ ለማንም ሳይሆን በአማርኛ «ካዛክስታን ውስጥ ነው። ውሃ ሞልተውበት ሐይቅ ሆኗል» አለ።

ከፊት፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ታፈሰ «ጥልቀቱስ?» ሲል ተሰማ።

አውቶቡሱ ውስጥ ያለን ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ አማርኛ የምናውቀው ማለቴ ነው።

«ከዚህ ጋር እኩል ነው ይላሉ።»

«ይሆናል» አለ ታፈሰ።

አቶ ለማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የመሣሪያ ቅነሳ ድርድር ተጀመረ» አለኝ።

በጉድጓዱ አፍ

ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ከእንጨት የተሠራ መቆሚያ አለ። ወደ ታች ስመለከት የአንድ ወረዳ ከተማ ገበያ ከነሰዉ የሚገባበት መሰለኝ። ከግርጌው አሮጌ ጎማዎችና ደረቅ ቁጥቋጦ ይታያሉ። አስጎብኚው ከመቆሚያው እንዳንወርድ፣ ድንጋይም አፈርም እንዳንነካ አስጠነቀቀን።

በዛብህ ወረደ። የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ አነሣ፣ ማጅራቱ ላይ አደረገ፣ አጎንብሶም መጥቶ በታፈሰ ፊት ቆመ። የምንጽፈውም የምናነበውም ይህን ሥርዓት እናውቀዋለን፤ የበደለ ሰው የተሸከመውን ድንጋይ ተበዳዩ ይቅር እስኪለው ድረስ አያወርድም።

«ሬዲዮው የእኔ ነበር» አለ በዛብህ መሬት መሬቱን እያየ። «ባትሪውንም የገዛሁት እኔ ነኝ። መምህር ይስሙ፤ ለማም ስማ፤ ልጄም ስሚ።»

ታፈሰ ጉድጓዱን ያይ ነበር።

አስጎብኚው «ጌታዬ፣ ድንጋዩን ያውርዱ» እያለ መጣ። በዛብህ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛ ጠየቀው፤ አልተንቀሳቀሰም። አብሮን የነበረው የጥበቃ ሠራተኛ ከአውቶቡሱ ወርዶ በዝግታ ተጠጋ። ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። ማንን ማነጋገር እንዳለበት ሲያስብ ቆየና፣ የተሰገደለት እርሱ ነውና ታፈሰን «ይህ ሰው ከእርስዎ ጋር ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ጥያቄው በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ ነበር። በዛብህም ያኔ በስብሰባው ላይ የተጠየቀው እንዲሁ ነበር። ትዕግሥት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ታፈሰ ዞር አለ። በአሜሪካ በተማረው ጥርት ያለ እንግሊዝኛ «የልጄ አባት ነው» አለው።

ወጣቱ አንዴ ትዕግሥትን፣ አንዴ ሁለቱን ሰዎች ተመለከተ። ምንም እንዳልገባው ፊቱ ይናገራል። ታፈሰ ግን እርሱን መጠበቅ ትቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከበዛብህ ማጅራት አነሣ።

«ቀና በል። ያስሩሃል፤ መታሰርን ደግሞ አንተ አትችለውም።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ።»

«ድንጋዩን አንሥቼልሃለሁ አይደል እንዴ? ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ታፈሰ ድንጋዩን ጥበቃው ባሳየው ቦታ መልሶ አስቀመጠ። ወጣቱ ሁለቱን አስቁሞ በእጅ በሚያዝ የጨረር መለኪያ መዳፋቸውንና ጫማቸውን ፈተሸ። ምንም የለባችሁም አላቸው።

«እንግዲያው ይህ መሣሪያ ኃጢአት አያነብም» አለ አቶ ለማ። በመጀመሪያ የሳቀው በዛብህ ነው።

ስንመለስ ጎን ለጎን አልተቀመጡም። ነገር ግን ታፈሰ ወደ ኋላ ሄዶ ከመተላለፊያው ወዲያ ማዶ ካለው ወንበር ተቀመጠ።

«ያ ሐይቅ ዓሣ አለው?»

«አለው ይላሉ።»

«በላህ?»

«እብድ ነኝ?»

እሑድና ሰኞ

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ታፈሰ እጁን በትዕግሥት ራስ ላይ አድርጎ ረጅም ምርቃት መረቀ። ምሳው በተከራዩት አዳራሽ ነበር፤ ጥሩ ዶሮ፣ ብዙ ጭፈራ። ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሰዓቱን እያየ ይነሣ ጀመር፤ በዚያ ከተማ ካዚኖዎቹ ለእሑድም ለሠርግም አይዘጉም።

በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሰኞ ረፋዱ ላይ በዚያው መንገድ ሎስ አንጀለስ ገባሁ። ግድግዳዬ ላይ ዓለምን በሁለት ቀለም የከፈለ አሮጌ ካርታ ተሰቅሏል። ስለዚያ ዘመን ለሚጠይቀኝ ሰው ወደ ካርታው እጠቁምና ዝም እል ነበር። ካርታው ሐሰት አይደለም፤ የትኛው አገር ከማን ጋር እንደነበረ፣ መቼ እንደዞረም ያሳያል። በአንድ ተረኛ ክፍል ውስጥ የነበሩ ሁለት ጓደኞችን ግን አያሳይም። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ከአንዲት ሬዲዮና ከባትሪዋ እጀምራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እሑድ ሻንጣዬን ይዤ ከአዳራሹ ስወጣ፣ አቶ ለማ ሙሽሮቹን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይዟቸው ሄዶ ነበር፤ እንግዳውም ሁሉ ወደየሺፍቱ። ኮታቸውን አውልቀው ወንበር እያጠፉ የሚደረድሩ ሰዎች ነበሩ፤ የዚያን ዕለት ሺፍታቸውን ለሌላ ሰጥተዋል። አንደኛው በቀኝ በኩል፣ ሌላው በግራ በኩል ጀምረው ወደ መካከል ይመጡ ነበር። በአዳራሹ የቀሩት እነርሱ ሁለቱ ነበሩ፤ ታፈሰና በዛብህ።