ቢራ ደፍቶ «ቀልድ ነው» ማለት

ዛሬ ከሰዓት አሰላ ውስጥ፣ ምሳ የምበላበት ቤት፣ አንድ ጎረምሳ «ጓደኛዬ» በሚለው ልጅ ራስ ላይ ቢራ ደፋበት።

የልጁ ጥፋት «አልጠጣም» ማለቱ ነው። ከዲክሲስ መጥቶ እኛ ግቢ ተከራይቶ የሚማር ዝምተኛ ልጅ ነው። ሌሎቹ እየተንከተከቱ በስልክ ይቀርጹታል። አንድን ልጅ ለአራት ከብቦ ማዋረድ! መቼም ጀግንነት ረክሷል።

እኔ ከመነሳቴ በፊት አስተናጋጇ ፎጣ ይዛ ደረሰችና ፊቱን ጠረገችለት።

«አንቺ ምን አገባሽ? ቀልድ እኮ ነው» አላት ቢራውን የደፋው።

«ቀልድ ከሆነማ ቪዲዮውን ለእናቶቻችሁ ላኩላቸው። አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ» አለች።

ያ ሁሉ ጉራ ተነፈሰ። አንገታቸውን ደፍተው አጠፉት።

ብርጭቆ ስለጨበጡ ሰው የሆኑ የሚመስላቸው እናንተ ሰፈርስ አሉ? ማን አፋቸውን አስያዛቸው? እስቲ ንገሩኝ።